ሁለት ሙዚቃ በአንድ ፒያኖ፤ የሄዝል ስኮት ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበት በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ ለመታሰቢያው መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ተጠይቀን ነበር። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ በጦር ሳይሆን በፒያኖ ስለ ታገለች አንዲት ሴት ብንጽፍ ይጠቅማል ብለን ተስማማን።

ይህች ሴት ሄዝል ስኮት ትባላለች። ክላሲካል የሚባለውን የአውሮፓን ሙዚቃና ጃዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ በአንድ ፒያኖ ላይ አገናኝታ በመጫወት፣ በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ስማቸው እጅግ ከገነነ ሙዚቀኞች አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ስሟ ለብዙ ዘመን ተረሳ። እንዴት እንደ ገነነችና እንዴት እንደ ተረሳች ስንመረምር፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የወጡ ሆነው አገኘናቸው። ይኸውም በፒያኖዋ ላይ ሁለቱን ሙዚቃ እንዳገናኘች ሁሉ፣ በፊቷ የሚቀመጡትም ሰዎች በቀለማቸው እንዳይለያዩ አጥብቃ መጠየቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል በትሕትና እናሳስባለን።

ትውልድና አስተዳደግ

ሄዝል ስኮት በጁን 11 ቀን 1920 ዓ.ም. በትሪኒዳድ ደሴት፣ ፖርት ኦፍ ስፔይን በተባለው ከተማ ተወለደች። ትሪኒዳድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። እናቷ አልማ ሎንግ ስኮት ፒያኖ በሚገባ የተማረችና ለሌሎችም የምታስተምር ነበረች። ሕፃኗ ሄዝል ከፒያኖው አጠገብ ሆና ስታዳምጥ፣ ከእናቷ ተማሪዎች አንዱ የተሳሳተ ድምፅ በመታ ቁጥር ትጮኽ ነበር ይባላል። ሦስት ዓመት ሲሆናት ደግሞ አያቷ የምትዘምራትን መዝሙር ማንም ሳያስተምራት በፒያኖው ላይ ፈልጋ አገኘቻት። ቤተሰቡም የልጅቱን ጆሮ ያወቀው በዚህ ቀን እንደ ሆነ ይተረካል።

በ1924 ዓ.ም. ከእናቷና ከአያቷ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ሐርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ተቀመጠች። በዚያው ዓመት ጆርጅ ገርሽዊን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ጃዝንና የኦርኬስትራን ሙዚቃ ያገናኘበትን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» የተሰኘውን ድርሰት በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰምቶ ነበር። ሁለቱ ሙዚቃዎች ሊገናኙ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ክርክር በከተማው በተነሣበት ጊዜ፣ ወደ ፊት ይህንኑ የዕድሜ ልክ ሥራዋ የምታደርገው ልጅ የአራት ዓመት ሕፃን ሆና ደረሰች ማለት ነው።

በሐርለም ኑሮ ቀላል አልነበረም። እናቲቱ እንጀራ ፍለጋ በሰው ቤት እስከ ማገልገል ደርሳለች። ኋላ ግን ሳክስፎን በራሷ ጥረት ተምራ ሴቶች ብቻ በሚጫወቱባቸው የጃዝ ባንዶች ውስጥ ገባች፤ የራሷንም ባንድ አቋቋመች። በዚህም ምክንያት የጃዝ ሰዎች ቤታቸውን ያዘወትሩ ጀመር። በፒያኖ አጨዋወታቸው ዓለም የሚያደንቃቸው አርት ቴተምና ፋትስ ዎለር ከእነዚህ እንግዶች መካከል ነበሩ። እንግዲህ ልጅቱ ጧት ከእናቷ የባህንና የሾፐንን ሙዚቃ ትማራለች፤ ማታ ደግሞ በዚያው ቤት በዚያው ፒያኖ ጃዝ ትሰማለች። ሁለቱን ሙዚቃ የሚለይ ግድግዳ በቤታቸው አልነበረም።

የስምንት ዓመት ልጅ በፈተና ፊት

ጁሊያርድ በኒው ዮርክ የሚገኝ እጅግ የታወቀ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪ ሆኖ ለመግባት በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው ዕድሜ 16 ዓመት ነበር። አልማ ስኮት ግን የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ለፈተና ቀረበች።

ልጅቱ ለመጫወት የመረጠችው ሩሲያዊው ራኽማኒኖፍ በ1892 ዓ.ም. የደረሰውን የታወቀ ፕሬሉድ ነበር። ይህ ድርሰት ሰፋፊ እጅ ለነበረው ደራሲ የሚመች፣ ጣቶችን እጅግ ዘርግቶ ብዙ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ መምታት የሚያስፈልገው ነው። የስምንት ዓመት ልጅ እጅ ወዴት ይደርሳል? ሄዝል ግን አልቆመችም። እጇ ያልደረሰበትን ሩቅ ድምፅ ትታ፣ ከዜማው ጋር የሚስማማውን ቅርብ ድምፅ በፋንታው እየመታች ድርሰቱን እስከ መጨረሻ ተጫወተችው። በኮሪደሩ ሲያልፉ የሰሙት አንድ ታላቅ የትምህርት ቤቱ ሹም፣ የራኽማኒኖፍን ድርሰት የሚያበላሸው ማነው ብለው ተቆጥተው ቢገቡ የሕፃን እጆች አይተው መደነቃቸው ይነገራል። ከፕሮፌሰሮቹም አንዱ የልጅቱን ተሰጥዎ ተረድቶ፣ ዕድሜዋ እስኪደርስ ድረስ በግል ሊያስተምራት ተቀበላት።

ይህን ታሪክ በሰፊው የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኋላ ኋላ ሄዝል ስኮት በታላላቅ አዳራሾች ያደረገችው ሁሉ ዘሩ በዚህ ፈተና ላይ ተዘርቶ ይታያል። የተጻፈውን ታከብራለች፤ ሆኖም እጇ የማይደርስበት ነገር ሲገጥማት ተስፋ አትቆርጥም፤ ከራሷ ጨምራ ትሻገረዋለች።

ሁለቱ ሙዚቃ እንዴት ተገናኙ?

ክላሲካል ሙዚቃ የምንለው ደራሲው በኖታ ጽፎ ያስቀመጠውንና ተጫዋቹም እንደ ተጻፈው የሚያቀርበውን ነው። ጃዝ ግን ጥቁር አሜሪካውያን ከብሉዝ፣ ከመንፈሳዊ መዝሙርና ከራግታይም ያፈለቁት ሙዚቃ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ዜማውን ይዞ እዚያው መድረክ ላይ ከራሱ እያመነጨ ይጨምርበታል። በአንዱ ተጫዋቹ የደራሲው መልእክተኛ ነው፤ በሌላው ግን ተጫዋቹ ራሱ ደራሲ ነው ማለት ይቻላል።

ሄዝል ስኮት እነዚህን ሁለቱን በሚከተለው መንገድ ታገናኛቸው ነበር። መጀመሪያ የሾፐንን ቫልስ ወይም የሊስትን የሀንጋሪ ራፕሶዲ አንድ ድምፅ ሳታጎድል፣ በጁሊያርድ እንደ ተማረችው አድርጋ ትጀምራለች። አድማጩም በክላሲካል ኮንሰርት የተቀመጠ መስሎት ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ግራ እጇ እንደ ከበሮ የማያቋርጥ ምት ያነሣል፤ ይህም ቡጊ ዉጊ የሚባለው አመታት ነው። ቀኝ እጇ ደግሞ ያንኑ ዜማ ሳትለቅ፣ አንድ ጊዜ ከምቱ ቀደም እያለች፣ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ እየቀረች ታወዛውዘዋለች። ዜማው የሾፐን ነው፤ አካሄዱ ግን የሐርለም ነው። አድማጩ ሳያስበው በእግሩ ወለሉን ሲመታ ይገኛል።

በ1940 ዓ.ም. ክላሲኮችን በስዊንግ ስልት የተጫወተችባቸው ሸክላዎች ተቀረጹ። በውስጡም የባህ፣ የሾፐን፣ የሊስትና የዴ ፋያ ድርሰቶች ነበሩበት። ከሁሉ የሚያስደስተን ግን በስምንት ዓመቷ እጇ ያልደረሰበት የራኽማኒኖፍ ፕሬሉድ በነዚሁ ሸክላዎች ውስጥ መገኘቱ ነው። በዚህ ጊዜ እጇ ደርሷል፤ ድምፁንም የለወጠችው ስላቃታት ሳይሆን ስለ ፈለገች ነው።

ይህን ስንል እርሷ ብቻ ጀመረችው ማለታችን አይደለም። አርት ቴተምም ክላሲካል ዜማዎችን በጃዝ ተጫውቷል። ነቀፋም አልቀረላትም። ከክላሲካል ወገን የሆኑት የታላላቆችን ድርሰት አረከሰች ብለው ወቀሷት፤ ከጃዝ ወገንም ይህ የጨዋታ ብልኀት እንጂ እውነተኛ ጃዝ አይደለም ያሉ ነበሩ። በሁለት ወንዝ መካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ይረጫል። ሕዝቡ ግን በብዛት ይጎርፍላት ነበር፤ በካርኔጊ አዳራሽም ሳይቀር ተጫውታለች።

ካፌ ሶሳይቲና ሆሊውድ

ሄዝል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በራዲዮና ከታላቁ የካውንት ቤይሲ ባንድ ጋር በአንድ መድረክ ተጫውታ ነበር። ስሟ የወጣው ግን በካፌ ሶሳይቲ ነው። ይህ የምሽት ክበብ በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ በኒው ዮርክ የተከፈተ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለየው ነጭና ጥቁር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ በመፍቀዱ ነበር። በዚያን ዘመን በኒው ዮርክ እንኳ ጥቁሮች የሚጫወቱባቸው፣ ጥቁር አድማጭ ግን የማይገባባቸው ቤቶች ነበሩ። በ1939 ዓ.ም. ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ ከካፌ ሶሳይቲ ስትለቅ በእርሷ ፋንታ ሄዝል ስኮት እንድትተካ ጠየቀች። የ19 ዓመቷ ወጣትም የክበቡ ዋና ኮከብ ለመሆን በቃች።

ከዚህ በኋላ የሲኒማ ሰዎች መጡ። በሆሊውድ ለጥቁር ሴት የሚሰጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የገረድ ቦታ ነበር። ሄዝል ስኮት ግን ከመፈረሟ በፊት በውሉ ላይ ሁኔታዎችዋን አስገባች። ገረድ ሆና አትታይም፤ የምትታየው እንደ ራሷ፣ እንደ ፒያኖ ተጫዋች ሆና ነው፤ ልብሷንም የምትመርጠው እርሷ ናት። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በአምስት ፊልሞች ታየች። ከነዚህም የመጨረሻው የጆርጅ ገርሽዊንን ሕይወት የሚተርከው «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ነበር። በ1943 ዓ.ም. በታየው በአንደኛው ፊልም ደግሞ በሁለት ፒያኖዎች መካከል ተቀምጣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስትጫወት እስከ ዛሬ ይታያል።

በዚያው ፊልም ሥራ ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ። ወንዶቻቸውን ወደ ጦርነት የሚሸኙ ጥቁር ሴቶች በሚታዩበት ትርዒት፣ ሴቶቹ የቆሸሸ ሽርጥ እንዲለብሱ ታዘዘ። ሄዝል ስኮት የምትወደውን ሰው ወደ ጦር ሜዳ ለመሸኘት ቆሻሻ ልብስ ለብሳ የምትወጣ ሴት የለችም ብላ ተቃወመች፤ ልብሱ እስኪለወጥም ድረስ ሥራ አቆመች። እርሷ ራሷ የምትለብሰው ያማረ ልብስ ነበር። የተከራከረችው ስማቸው በፊልሙ ላይ ለማይጻፍ ሴቶች ነው። ሦስት ቀን ያህል ሥራው ከተቋረጠ በኋላ ልብሱ ተለወጠ። የስቱዲዮው አለቃ ግን ይህን አልረሳላትም፤ ብዙ ሳይቆይም የሆሊውድ በር ተዘጋባት።

የወንበሩ ነገር

በ1945 ዓ.ም. ሄዝል ስኮት የሐርለም ሕዝብ እንደራሴ አድርጎ ወደ አሜሪካ ምክር ቤት የላከውን አዳም ክሌይተን ፓውልን አገባች። ከዚህ በኋላ የምሽት ክበቡን ትታ በየከተማው እየዞረች ኮንሰርት ማቅረብ ጀመረች። በዓመት እስከ 75,000 ዶላር ታገኝ እንደ ነበር ይነገራል፤ ይህም ለዚያ ጊዜ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው።

በኮንሰርት ውሎቿ ላይ አንድ የማይለወጥ አንቀጽ ነበር። አድማጮች በቀለም ተለይተው በሚቀመጡበት አዳራሽ አትጫወትም። በ1948 ዓ.ም. በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ልትጫወት ደርሳ ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው መቀመጣቸውን ባወቀች ጊዜ፣ መድረኩ ላይ ሳትወጣ ሄደች። እርሷን ጥቁሯን ለመስማት የመጣ ሰው እርሷን ከመሰለ ሰው አጠገብ መቀመጥን ለምን ይጠላል ስትል መጠየቋ ይታወቃል። ለዚህ ጥያቄ እኛም ብንሆን መልስ አላገኘንለትም።

በ1945 ዓ.ም. በዋና ከተማው በዋሽንግተን ኮንስቲትዩሽን ሆል የተባለው ታላቅ አዳራሽ በቀለሟ ምክንያት ተከለከለች። ባሏ እስከ ፕሬዚዳንት ትሩማን ድረስ አቤት ቢልም የሚረዳ አልተገኘም። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት፣ ፓስኮ በምትባል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ጥቁር ስለ ሆነች አናስተናግድም አላት። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ እንባውን ውጦ ይሄዳል። እርሷ ግን ከሰሰች፤ በ1950 ዓ.ም. ተፈረደላት። ዳኞቹ የቆረጡላት ካሣ 250 ዶላር ብቻ ነበር። ለእርሷ ይህ ገንዘብ ከምንም የሚቆጠር አይደለም፤ ከርሷ በኋላ ለሚመጣው መንገደኛ ግን ፍርዱ ታላቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚነካ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባናል። ባሏ ፓውል የእንደራሴነትን ሥራ ከመያዙ አስቀድሞ የሐርለም አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር፤ በኋላም ሥራውን አልተወም። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1808 ዓ.ም. የተመሠረተችው፣ በኒው ዮርክ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች ተለይተው እንዲቀመጡ በመደረጋቸው አዝነው በወጡ ምእመናን ነው። ከነርሱም መካከል የኢትዮጵያ ነጋዴዎች እንደ ነበሩበትና ስሟም ከዚያ እንደ መጣ ይነገራል። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ሄደው የኢትዮጵያን መስቀል አበርክተዋል። አስተዋይ አንባቢ እንደሚረዳው፣ ያች ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው በወንበር ምክንያት ነው፤ ሄዝል ስኮትም በየአዳራሹ የተሟገተችው ስለ ወንበር ነው። በመካከላቸው ከ130 ዓመት የበለጠ ጊዜ አልፎ ጥያቄው ግን አልተለወጠም ነበር።

ቴሌቪዥኑና ምርመራው

በጁላይ 3 ቀን 1950 ዓ.ም. ዱሞንት በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት «የሄዝል ስኮት ትርዒት» የተባለ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ፣ ሄዝል ስኮት በፒያኖዋ ፊት ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ትዘፍናለች። በአሜሪካ በስማቸው የሚጠራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዷ ሆነች። ገረድም ቀልደኛም ሳትሆን፣ ጥቁር ሴት በክብር ተቀምጣ ሊስትንና ብሉዝን ስትጫወት በየቤቱ ታየች።

ነገር ግን ያ ጊዜ በአሜሪካ የኮሚኒስት ፍርሃት የነገሠበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር ሬድ ቻነልስ የተባለ መጽሐፍ ታትሞ 151 የራዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎችን ከኮሚኒስቶች ጋር ግንኙነት አላቸው ሲል በስማቸው ዘርዝሮ ነበር። የሄዝል ስኮትም ስም ከነዚህ ውስጥ ነበረበት። ስሙ የተዘረዘረ ሰው ያለ ፍርድ ሥራውን ያጣ ነበር።

ሄዝል ስኮት ዝም ብትል ምናልባት ያልፍላት ይሆናል የሚሉ ወዳጆች ነበሯት። እርሷ ግን ሳትጠራ በራሷ ፈቃድ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1950 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆና እንደማታውቅ በመሐላ ተናገረች። በዚህም አላበቃችም፤ የሰውን ስም ያለ ማስረጃ መዘርዘር ለአገሪቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው ፊት ለፊት ገሠጸቻቸው። ከሳምንት በኋላ በሴፕቴምበር 29 ቀን ፕሮግራሟ ተሠረዘ። ከተጀመረ ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ከዚያ ትርዒት ዛሬ የሚታወቅ አንድም የተቀረጸ ቅጂ የለም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያላት ሰው አይጠፋም። እኛም በክበባችን ስንወያይ ይህን አስተያየት ያቀረቡ ነበሩ። ዝም ብላ ፒያኖዋን ብትጫወት፣ ጥቁር ሴት በየቤቱ ቴሌቪዥን መታየቷ ብቻውን ታላቅ ትምህርት አልነበረምን? ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከብዙ ክርክር በኋላ ግን አብዛኞቻችን እንዲህ ወደሚለው አዘነበልን። ስሟ አስቀድሞ በመጽሐፉ ተጽፎ ስለ ነበር ዝምታዋ ሥራዋን ለማትረፉ ምንም ዋስትና አልነበረም። ዝም ብትል ግን ነገሩን እንደ ተቀበለች ይቆጠርባት ነበር። እርሷ ፕሮግራሟን አጣች፤ ቃሏን ግን አላጣችም።

ፓሪስና መመለስ

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ያላት ሥራ እየቀነሰ ሄደ፤ በ1951 ዓ.ም. ጤንነቷም ታወከ። ቢሆንም በ1955 ዓ.ም. ከባስ ተጫዋቹ ከቻርልስ ሚንገስና ከከበሮ መቺው ከማክስ ሮች ጋር አንድ ሸክላ ቀረጸች። ይህ ሸክላ የተመልካችን ዓይን የሚስብ ፍጥነትና ብልኀት የበዛበት አይደለም፤ ረጋ ያለ፣ በሐሳብ የተሞላ ጃዝ ነው። የጃዝ አዋቂዎች ከሥራዎቿ ሁሉ አስበልጠው የሚያመሰግኑት ይህንን ነው። ክላሲክ የምታወዛውዝ እንጂ የጃዝ ሰው አይደለችም ላሉት ሁሉ መልሱ በዚህ ሸክላ ላይ ይገኛል።

በ1957 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደች። በዚያ ከአሜሪካ የወጡ ሌሎች ጥቁር አርቲስቶችም ነበሩ። ከፓውል ጋር የነበራት ጋብቻም በ1960 ዓ.ም. በፍቺ አለቀ። አገሯን ብትለቅም ግን የአገሯን ነገር አልተወችም። በ1963 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተደረገውን ታላቅ የመብት ሰልፍ ለመደገፍ በፓሪስ በአሜሪካ ኤምባሲ ፊት ከጸሐፊው ከጄምስ ቦልድዊን ጋር ተሰልፋለች። በተከታዩ ዓመት፣ በ1964 ዓ.ም. በሆቴልና በምግብ ቤት፣ በቲያትርና በአዳራሽ ሰውን በቀለም መለየት በአሜሪካ ሕግ ተከለከለ። በኦስቲን አዳራሽና በፓስኮ ምግብ ቤት ብቻዋን የጠየቀችው ነገር የአገር ሕግ ሆነ ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ስትመለስ ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ወጣቱ ሌላ ሙዚቃ ይሰማል፤ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እርሷም ሳታማርር በትንንሽ ክበቦች መጫወቷን ቀጠለች። በኦክቶበር 2 ቀን 1981 ዓ.ም. በ61 ዓመቷ በኒው ዮርክ አረፈች። የተቀበረችው ሉዊ አርምስትሮንግ ባረፈበት በፍለሺንግ መካነ መቃብር ነው።

ዛሬ ስሟ እንደ ገና እየተነሣ ነው። በ2019 ዓ.ም. ዘፋኟ አሊሺያ ኪስ በታላቁ የግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ በሁለት ፒያኖዎች መካከል ተቀምጣ ሁለቱንም ስትጫወት የሄዝል ስኮትን ስም በሕዝብ ፊት ጠርታ አመስግናለች። ብዙ ወጣቶች ያን የ1943 ፊልም ፈልገው ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አበው ሲተርቱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ። በዚህ ተረት ብንመዝናት ሄዝል ስኮት ሞኝ ትባላለች፤ በሹመቷ ጊዜ ዝም ብላ መብላት ስትችል ሰው አይለያይ እያለች ማዕዷን አጥታለችና። እኛ ግን ተረቱን በዚህ ስፍራ አንቀበለውም። ከተዘጋባት በር ሁሉ በስተጀርባ የጠየቀችው ነገር ዛሬ ትክክል መሆኑን የማይቀበል ሰው ብዙ አናገኝም። ዝናዋ ቢያልፍም ጥያቄዋ አሸንፏል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላም ትምህርት አለው። አንዳንድ ጊዜ የውጭውን ትምህርት የያዘ ሰው የቤቱን የሚንቅ፣ የቤቱን የሚወድም ሰው የውጭውን መጥላት ያለበት ይመስለናል። ሄዝል ስኮት ባህን ስታውቅ ሐርለምን አልናቀችም፤ ሐርለምን ስትወድም ባህን አልተወችም። ሁለቱንም በሚገባ ስለ ተማረች ሁለቱን ማገናኘት ቻለች። ሳይማሩ መቀላቀል ድፍርስ ያወጣል፤ ተምሮ ማገናኘት ግን አዲስ ነገር ይወልዳል።

በበዓላችን ዕለት አዳራሹ ሲሞላ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ከየትም ሰፈር ቢመጡ፣ ባለጠጋም ድኻም ቢሆኑ፣ ባገኙት ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኛ ይህን እንደ ተራ ነገር ቆጥረነው አልፈነው እናውቅ ነበር። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀን በኋላ ግን ጎን ለጎን የተቀመጠ ሕዝብ በራሱ እንደማይገኝና አንዳንድ ሰው ዕድሜውንና እንጀራውን እንደ ከፈለበት ተረዳን።